የድሮ መኪናችሁን የኋላ እግር ስትቀይሩ፦ አምስት ምርጫዎች በንጽጽር

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መንገድ ኮብልስቶን ነው። ከአጎቴ የወረስኩትን የ1950ዎቹ ፎርድ ፒክአፕ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስነዳበት፣ ከኋላዬ የሚመጣው ሚኒባስ ይሁን አይሱዙ በመስታወት መለየት ያቅተኝ ነበር። መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ይዘው ሳይሆን እየዘለሉ ነው የሚሄዱት። «ባሌስትራውን አውጥቼ ኢንዲፔንደንት ልግጠም» የሚል ሐሳብ የያዘኝ ያኔ ነው። ባሌስትራ ማለት አክስሉን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ንጣፍ ስፕሪንግ ነው፤ ኢንዲፔንደንት ደግሞ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት አሠራር።

ሁለት ጊዜ ሠራሁት። የመጀመሪያው አልተሳካም፤ ሁለተኛው ዛሬም እየሄደ ነው። የድሮ መኪና የሚያድሱ ወዳጆቼ «የቱን ልምረጥ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን አንድ ላይ ላስቀምጠው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። «የቱ ምርጥ ነው?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ትሳሳታላችሁ። «የኔ ሻንሲ (የመኪናው መሠረት የሆነው የብረት ፍሬም) የቱን ይሸከማል? ሲበላሽስ የቱን አገር ውስጥ አገኛለሁ?» ብላችሁ ጀምሩ።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

በድፍን አክስል ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ የብረት ቤት የተሳሰሩ ናቸው። ዲፈረንሺያሉ (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርስ ሳጥን) መሀል ላይ ተቀምጦ ከጎማው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። የቀኙ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ግራውም ያዘነብላል። በፒክአፕ ላይ ይህ ሁሉ ብረት ከጎማና ከፍሬን ታምቡር ጋር ከ100 ኪሎ ይበልጣል። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ከተወረወረ በኋላ አሞርዛተሩ (መዝለሉን የሚያበርደው) ለመመለስ ይቸገራል። የመስታወቱ መንቀጥቀጥ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ኢንዲፔንደንት ላይ ዲፈረንሺያሉ ሻንሲው ላይ ይታሰራል። ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዝ ክንድ) ለብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ጉልበት የሚደርሳቸው በሁለት ሰሚያስ (ከዲፈረንሺያሉ ወደ ጎማው በሚሄድ ዘንግ) ነው። ከጎማው ጋር የሚዘለው ብረት በጣም ይቀንሳል። ኮብልስቶን ላይ ትርፉ ወዲያው ይታወቃል።

ዋጋ ግን አለው። ድፍን አክስል ጭነት ቢጫንበትም ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኢንዲፔንደንት ላይ መኪናው ሲጫን ጎማው በአብዛኛው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የውስጥ ጠርዙም ቶሎ ይበላል። ጤፍና ሲሚንቶ ለሚጭን ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሜሪካኖቹ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የድሮ ፎርድ እያራገፉ ሆት ሮድ (ለፍጥነትና ለውበት የተቀየረ የድሮ መኪና) ሲሠሩ፣ ከኋላ የነበረው አንድ ተጋዳሚ ባሌስትራ ነው። የ1932 ፎርድ ያንን ይዞ ነው ከፋብሪካ የወጣው። ጃጓር በ1961 እ.ኤ.አ. በኢ-ታይፕ ላይ ኢንዲፔንደንቱን ሲያወጣ ግን ብዙ ሠሪዎች ዓይናቸውን ወደዚያ አዞሩ። የኛ ጉዳይ ከነሱ ይለያል። እነሱ ለውበትና ለጠመዝማዛ መንገድ ፈለጉት፣ እኛ ደግሞ ለኮብልስቶንና ለክረምት ጭቃ።

የምንመዝንባቸው ነገሮች

*ስፋት።* ጎማው የሚታሰርበትን ፊት ከግራ እስከ ቀኝ ለኩ፤ ከጎማው ውጭ ጠርዝ አትለኩ። ሙሉ ተጭኖ ወደ ላይ ሲወጣ ጎማው ከፓራፋንጉ ጋር የማይነካካበት ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት በቸርኬ ሊስተካከል ይችላል። 15 ሴንቲ ሜትር ግን አይስተካከልም።

*የሻንሲ አቅም።* ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ቆም ብለን እንየው። በባሌስትራ መኪና ላይ የዲፈረንሺያሉን ግፊት የሚቀበለው ራሱ ባሌስትራው ነው። ኢንዲፔንደንት ስትገጥሙ ያ ግፊት በቀጥታ ሻንሲው ላይ ያርፋል። ሞተሩ 250 ኒውተን ሜትር ይሰጣል እንበል። አንደኛ ማርሽ 3 እጥፍ፣ ዲፈረንሺያሉ 3.9 እጥፍ ያበዛዋል። ጎማው ዘንድ ሲደርስ ወደ 2,900 ኒውተን ሜትር ይሆናል። የዲፈረንሺያሉ የፊትና የኋላ ማሰሪያ በ40 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ፣ አንዱ ማሰሪያ ወደ 750 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ይቀበላል። አቀበት ላይ ፍሪሲዮን በለቀቃችሁ ቁጥር ማለት ነው። የድሮ ፒክአፕ ሻንሲ ደግሞ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ብረት ነው፤ ሲጠመዘዝ ይታጠፋል። ማሰሪያ የሚበየድበት ቦታ በ4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተዘግቶ ሳጥን መሆን አለበት። «ጠንካራ ነው፣ ይበቃዋል» የሚል በያጅ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

*የዲፈረንሺያሉ ጥርስ።* አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ካርቡሬተር ያለው የድሮ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ስለዚህ ለአውሮፓ አውራ ጎዳና የተመረጠ «ረጅም» (ቁጥሩ ዝቅ ያለ) ጥርስ እንጦጦ አቀበት ላይ ያሳቅቃል። ዙሪያው 2 ሜትር በሆነ ጎማና በ3.7 ጥርስ (ዘንጉ 3.7 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ በሚዞርበት)፣ በቀጥታ ማርሽ፣ ሞተሩ 3,000 ሲዞር ወደ 97 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። በ4.1 ወደ 88 ትወርዳላችሁ። ለኛ 88ቱ ይበቃል፤ አቀበቱን ትወጡታላችሁ።

*መለዋወጫ።* ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ ሲቪ ጆይንት (የሰሚያሱ መታጠፊያ)፣ የፍሬን ሸራ። እነዚህን አራቱን ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ በአንድ ቀን ካላገኛችሁ ያ ዕቃ ለናንተ አይደለም። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ «አንድ አሮጌ መኪና አስመጥቼ እበትነዋለሁ» የሚለው መንገድም ተዘግቷል። አገር ውስጥ ካለው ነው የምትመርጡት።

*ወረቀቱ።* ብየዳ ከመጀመራችሁ በፊት መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ስለ ለውጡ ጠይቁ። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡ ለመርማሪው ማስረዳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፎቶ አንሱ።

አንደኛ፦ ባሌስትራውን አድሶ መቆየት

ይህንን በንቀት አትዩት። የብዙ ሰው ችግር አክስሉ ሳይሆን ያረጀው ባሌስትራ ነው። ንጣፎቹ በዝገት ተጣብቀው እንደ አንድ ብረት ይሆናሉ። ያኔ ስፕሪንግ መሆኑ ቀርቶ ዱላ ይሆናል። አውርዳችሁ ንጣፎቹን ለያዩ፣ አጽዱ፣ መሀላቸው ቅባት አድርጉ። ተጨማሪ ንጣፍ የገባበት ከሆነና የማትጭኑ ከሆነ አውጡት። ቦኮላዎቹን ቀይሩ፣ አዲስ አሞርዛተርና ስታፋ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው) ግጠሙ።

እኔ የመጀመሪያውን ስህተት ከመሥራቴ በፊት ይህንን ባደርግ ኖሮ ምናልባት በዚሁ እረካ ነበር። የጎረቤቴ ዊሊስ ጂፕ በዚህ ብቻ ሌላ መኪና ሆኗል። ባሌስትራ የሚሠሩ ቤቶች ቃሊቲ መንገድ ላይ አሉ፤ ሥራውም በቀናት ያልቃል።

ሁለተኛ፦ ድፍን አክስል በሞላ

አክስሉ ይቀራል፣ ባሌስትራው ይወጣል። በቦታው ሞላ (ጥምዝ ስፕሪንግ) እና አክስሉን ከፊት ወደ ኋላ የሚይዙ ዘንጎች ይገባሉ። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ደግሞ አንድ ተጋዳሚ ዘንግ ይጨመራል። የድሮዋ ላዳ ታክሲ ከኋላ የምትሄደው በዚህ ነው፦ ሞላ፣ አራት ዘንግና አንድ ተጋዳሚ። ሐሳቡን ለማየት አንድ ላዳ ሥር መተኛት ይበቃል።

ከባሌስትራ ይለሰልሳል፣ ጎማውም ቀጥ ይላል። ከጎማው ጋር የሚዘለው ክብደት ግን አይቀንስም። ስለዚህ ጉብታ ላይ ይሻላል፣ ኮብልስቶን ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አታገኙም።

ሦስተኛ፦ ከአንድ መኪና ሙሉውን ኢንዲፔንደንት አውጥቶ መግጠም

እኔ በመጨረሻ የሄድኩበት መንገድ ይህ ነው። ቁልፉ ቃል «ሙሉውን» የሚለው ነው። ተሸካሚውን ብረት፣ ዲፈረንሺያሉን፣ ብራቾዎቹን፣ ሰሚያሶቹን፣ ፍሬኑን፣ የእጅ ፍሬን ገመዱን ሳይቀር ከአንዱ መኪና ውሰዱ። የፋብሪካው መሐንዲሶች የብራቾውን አንግልና የሰሚያሱን ርዝመት አስማምተው ነው የሠሩት። ያንን ስምምነት ስትገዙ ነው ገንዘባችሁ የሚያዋጣው።

እዚህ አገር የሚገኙትን በአጭሩ ላነሳ።

መርሰዲስ ደብልዩ 123፣ ከ1976 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተሠራው። ከኋላ ሰያፍ ብራቾ፣ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን። የኋላ ጎማ ስፋቱ 1.45 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለድሮ ፒክአፕ ትንሽ ይጠባል፣ ግን በቸርኬ ይስተካከላል። አንድ ወጥመድ አለው። ሞላው የሚደገፈው ተሸካሚው ብረት ላይ ሳይሆን የመኪናው አካል ላይ ነው። ስለዚህ የሞላውን የላይኛ መቀመጫ ሻንሲው ላይ እናንተ ናችሁ የምትሠሩት። የአሞርዛተሩንም እንዲሁ። ሌላው የቸርኬው ነገር ነው። የመርሰዲስ ቀዳዳዎች 5 ናቸው፣ በ112 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ። የፎርድ ፒክአፑ 5 ቀዳዳ በ139.7 ነው። የፊትና የኋላ ቸርኬ አይወራረስም ማለት ነው። አንድ ጎማ በቂ መጠባበቂያ አይሆናችሁም። ወደ አሰላ ስትሄዱ ይህ ትዝ ይበላችሁ።

ግራንድ ቪታራ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓይነት። ሞተሩ ርዝመቱን የተቀመጠ ስለሆነ የኋላ ዲፈረንሺያሉ ሙሉ ጉልበት ለመቀበል የተሠራ ነው። ሰፊ ነው፣ መለዋወጫውም አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም። ለሰፊ ፒክአፕ ጥሩ ነው፤ ጠባብ ለሆነ የድሮ መኪና ግን ከፓራፋንጉ ይወጣል።

ራቭ ፎር። በየመንገዱ ስላለ ብዙ ሰው ይመክረዋል። እኔ አልመክርም። የራቭ ፎር ሞተር በጎን የተቀመጠ ነው፣ የኋላ ዲፈረንሺያሉ የጉልበቱን ድርሻ ብቻ ነው የሚወስደው። ጥርሱም ከፊት ካለው ማርሽ ጋር ተባብሮ እንዲሠራ የተመረጠ ነው። ለብቻው የትልቅ ሞተር ጉልበት ሁሉ ሲወርድበት ለዚያ አልተሠራም።

ፔጆ 504። ሴዳኑ በ1968 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በኢንዲፔንደንቱ ምቾት ስሙን አስጠርቷል። ነገር ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። ፒክአፑና ስቴሽን ዋገኑ ድፍን አክስል ናቸው፣ «504 ነው» ሲሏችሁ ሥሩን እዩ። ሴዳኑ ደግሞ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) እስከ ዲፈረንሺያል የሚሄደው ዘንግ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ነው፤ ቱቦው ሁለቱን አጥብቆ ያገናኛል። ካምቢዮውንም ካልወሰዳችሁ ዋጋ የለውም።

በዚህ ምርጫ ውስጥ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ዲፈረንሺያሉ ስለማይንቀሳቀስ ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ አንግሉን አይለውጥም። የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሺያሉ መግቢያ ከጎን ሲታዩ ትይዩ ከሆኑና ክሮቼራው (የዘንጉ መታጠፊያ) ከ3 ዲግሪ በላይ ካልታጠፈ፣ የዘንጉ ንዝረት ለሁልጊዜው ተሰናበተ።

አራተኛ፦ የጃጓር ወይም የኮርቬት ዓይነት

ፎቶ ላይ ስታዩት ያምራል። ጃጓሩ ፍሬኑን ጎማው ዘንድ ሳይሆን መሀል፣ ዲፈረንሺያሉ ጎን ላይ ነው ያስቀመጠው። በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ሞላና አሞርዛተር አለው። ስፋቱም ምርጫ ይሰጣል፤ ኢ-ታይፑ 1.27 ሜትር አካባቢ ሲሆን ማርክ 10 ወደ 1.47 ይደርሳል። የአሜሪካው ስፖርት መኪና ኮርቬት በ1963 እ.ኤ.አ. ኢንዲፔንደንት ሆኖ ሲወጣ ተጋዳሚ ባሌስትራ ነበረው።

በሁለቱም ላይ ሰሚያሱ ራሱ የላይኛ ብራቾ ሆኖ ይሠራል። ብልህ አሠራር ነው። ግን ክሮቼራው ትንሽ ሲላላ ጎማው ይወላገዳል ማለት ነው። በኛ አቧራ ክሮቼራ ዕድሜው አጭር ነው። መሀል ያለው ፍሬን ደግሞ ሙቀቱን ለዲፈረንሺያሉ የዘይት ማኅተም ይሰጠዋል። ማኅተሙ ሲያልቅ ዘይቱ ዲስኩ ላይ ይፈሳል። የእንጦጦን ቁልቁለት በዘይት በተቀባ ፍሬን መውረድ የሚፈልግ የለም። ዲስኩን ለመቀየርም ብዙ መፍታት አለባችሁ።

እያንዳንዱ ዕቃ ከውጭ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። ለኤግዚቢሽን መኪና እስማማለሁ። በየቀኑ ለምትነዱት አይሆንም።

አምስተኛ፦ ከተለያየ መኪና ሰብስቦ መሥራት

የኔ የመጀመሪያ ሙከራ ይህ ነበር። ብራቾውን ከአንድ መኪና፣ ዲፈረንሺያሉን ከሌላ ወሰድን። ሰሚያሱን ቶርኖ ቤት አሳጠርነው። ሥራውን የያዘው ጋራዥ ጥሩ በያጅ ነበረው፤ ብየዳው ዛሬም አልተሰነጠቀም። ስህተቱ ልኬቱ ላይ ነው። ብራቾው ወደ ላይ ሲወጣ ጎማው አፍንጫውን ወደ ውጭ ያዞር ነበር። አንድ ጎማ ጉብታ በነካ ቁጥር መኪናው ከኋላ ራሱን ያሽከረክራል። በመጀመሪያው ክረምት መጨረሻ ጎማዎቹን ሳወጣ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ክሩ ታየ። እጄን ሳስኬድበት እንደ መጋዝ ያዘኝ።

ይህንን አስቀድሞ ማወቂያ ቀላል መንገድ አለ፤ ሁለተኛውን ሥራ የረዱኝ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው ያሳዩኝ። «ልጄ፣ ሞላውን አውጣና ጎማውን በክሪክ ከታች እስከ ላይ ውሰደው» አሉኝ። ከጎማው ጎን ሲባጎ በመኪናው ርዝመት ወጠርን፣ ከላይ ቱምቢ አንጠለጠልን። በየ2 ሴንቲ ሜትሩ እያቆምን የጎማውን ፊትና ኋላ ከሲባጎው ለካን። ከላይና ከታች ደግሞ ከቱምቢው። የፊትና የኋላው ልዩነት በጉዞው ሁሉ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተቀያየረ ብየዳው አይጠናቀቅም። ሰሚያሱንም በዚያው ጊዜ አዩት። ጎማው መሀል ሲደርስ ሲቪ ጆይንቱ ጥግ ይነካል? ከነካ ሰሚያሱ ረዝሟል፤ ዲፈረንሺያሉን ይሰብረዋል። ከሰዓት በኋላውን የፈጀ ሥራ ነው። ከመጀመሪያው አድርጌው ቢሆን አንድ ዓመት ይተርፈኝ ነበር።

አንዳንድ የድሮ መኪና ሰዎች ቮልስ ዓይነቱን፣ ሰሚያሱ ከውስጥ በኩል ብቻ የሚታጠፈውን ይጠይቁኛል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ግን መኪናው ኩርባ ላይ ከኋላ ሲነሣ ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ከፍ ላለ ፒክአፕ ፈጽሞ አትሞክሩት።

በአንድ እይታ

| ምርጫ | ወጪ | ኮብልስቶን ላይ ምቾት | ጭነት | መለዋወጫ | የብየዳ ሥራ |
|---|---|---|---|---|---|
| ባሌስትራ ማደስ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | በቀላሉ | የለም ማለት ይቻላል |
| ድፍን አክስል በሞላ | መካከለኛ | መካከለኛ | ጥሩ | በቀላሉ | መካከለኛ |
| ሙሉ ኢንዲፔንደንት ከአንድ መኪና | ከፍተኛ | በጣም ጥሩ | ቀላል ጭነት ብቻ | እንደ ምንጩ መኪና | ብዙ |
| ጃጓር ወይም ኮርቬት | እጅግ ከፍተኛ | በጣም ጥሩ | አይሆንም | ከውጭ ብቻ | ብዙ |
| ከተለያየ መኪና ሰብስቦ | ሲጀመር መካከለኛ፣ ሲያልቅ ከፍተኛ | እንደ ልኬቱ | አይታመንም | የተበታተነ | በጣም ብዙ |

ዋጋውን በብር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የምንዛሪ ገበያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለቀቀ ወዲህ ያለፈው ወር ዋጋ ዛሬ አይሠራም።

ለማን የቱ?

መኪናው የሚጭን ከሆነ አንደኛውን ያዙ። የገበሬ ዕቃ ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ የምታመላልሱ ከሆነ ስለ ኢንዲፔንደንት አታስቡ። ባሌስትራውን አድሱ፣ የተረፈውን ገንዘብ ፍሬን ላይ አውሉት።

በጀታችሁ መካከለኛ ሆኖ መኪናው ለቤተሰብ ከሆነ፣ በመጀመሪያ ባሌስትራውን አድሳችሁ ሦስት ወር ንዱት። አሁንም ካልረካችሁ ሁለተኛው አለ። ብዙዎች ግን እዚያው ይቆማሉ።

መኪናው የቅዳሜና እሑድ ከሆነ፣ ሰፈራችሁ ኮብልስቶን ከሆነና ጥሩ በያጅ ካላችሁ ሦስተኛው ነው። ምንጩን መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩ ገብታችሁ ለኩ። የሚሸጠው ሰው ከማውጣቱ በፊት ሻንሲው ላይ እያለ ፎቶ አንሱት፤ የዲፈረንሺያሉን አንግልና የብራቾውን ቁመት ጻፉ። ዲፈረንሺያሉን በእጅ አዙራችሁ ድምፅ ስሙ። ያ ወረቀት በኋላ ከምንም በላይ ይጠቅማችኋል።

ባለሙያ ሆናችሁ ብቻ፣ ቱምቢና ሲባጎ ይዛችሁ ቀናት ለመስጠት ዝግጁ ከሆናችሁ ብቻ፣ አምስተኛውን አስቡት።

በመጨረሻ ብየዳውን የምትፈትሹበት መንገድ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናውን አንሱት። ቡሎኖቹን ሁሉ መልሳችሁ አጥብቁ። ብየዳውን በብረት ብሩሽ አጽዱ፣ ላምባ ቀቡት፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት። በደረቅ ጨርቅ አጥፉት። ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ አርከፍክፉበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ጠመኔውን ያረጥበዋል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታያችኋል። የኔ ሁለተኛው ሥራ ላይ በዲፈረንሺያሉ የፊት ማሰሪያ ጥግ አንድ እንዲህ ያለ መስመር ታየኝ። 2 ሴንቲ ሜትር አትሆንም። ፈጭተን አወጣናት፣ እንደገና በየድናት፣ ጥጉ ላይ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ጨመርንባት። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ማግስት ጠመኔውን ይዤ ሥሩ እገባለሁ።